የሳሎኑ ሙቀት የሚሄድበት

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። በዚያ ጠዋት ግን የእታለም ጆሮ ባዳ አልሆነባቸውም። ፊታቸውን ታጥበው ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ፣ የወንድማቸው ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ ለሚስቱ "የበረንዳውን በር በመቀርቀሪያ እንዝጋው፤ ሙቀቱም አይገባብን፣ እሷም አትታይብን" ሲል አንድም ቃል ሳያመልጣቸው ሰሙ። ሚስቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ምን ብለን?" አለችው። "እኔ እነግራታለሁ። ምሳው ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። እሷ ደግሞ ሙቀት አገር ነው ያደገችው፤ አይሞቃትም።" እታለም ፎጣውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱና ነጠላ ጫማቸውን እያንሻተቱ፣ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ፣ እንደ አዲስ መጡ። ሌባ ኮቴውን ያጠፋል፤ እሳቸው ግን ምንም ያልሰማ ሰው ለመምሰል ኮቴያቸውን አበዙ።

እታለም የመዝገብ ስማቸው አይደለም። የወንድማቸው ልጅ አፉን ሲፈታ ያወጣላቸው ነው። እናቱ እሱን ወልዳ ዓመት ሳይሞላት ስታርፍ አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እሱም ዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት፣ በመሥሪያ ቤቱ የክፍል ኃላፊ ሆኖ፣ ከእታለም ሌላ ስም ጠርቷቸው አያውቅም። ይወዳቸዋል። ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሊጠይቁት በመጡ ጊዜ፣ እታለም በጨዋታ መሃል፣ ልጁ እስከ ስምንት ዓመቱ አልጋ ላይ ይሸና እንደነበርና ፍራሹን በየጠዋቱ አጥር ላይ ያሰጡት እንደነበር አጫወቱ። እንግዶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ልጁ ግን ወሩን ሙሉ በየቢሮው "ፍራሹ ደረቀ?" እየተባለ ከረመ። ዛሬ ደግሞ የሚመጡት አለቃውና የአለቃው ሚስት ናቸው። የምክትሉ ወንበር ባዶ ከሆነ ሁለት ወሩ ነው፤ አለቃው ሰው ቤት ምሳ የሚበላው አንድ ነገር ለመወሰን ሲያስብ ነው ይባላል። ስለዚህ ፍራሽ የሚባል ነገር ዛሬ በዚህ ቤት መነሳት የለበትም።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤትና በረንዳ። ኤሲው የዛሬ ሁለት ዓመት ሲገዛ የልጁ የሁለት ወር ደመወዝ እንዳለ ሄዶበታል። የውስጡ ማሽን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ትልቅ ማራገቢያ ያለው የውጭው ማሽን ደግሞ ያኔ ክፍት በነበረው በረንዳ ጫፍ ላይ ተተከለ። በዓመቱ እታለም ጠቅልለው ሲመጡ የሚተኙበት አልነበረም። ልጁ ሁለት ቅዳሜ ሠራተኛ ይዞ በረንዳውን ከላይ እስከ ታች በአሉሚኒየምና በመስታወት አስዘጋ፣ መጋረጃ ሰቀለ፣ አልጋ አስገባ፣ "የራስሽ ክፍል" ብሎ እጃቸውን ይዞ አስገባቸው። እታለም ያን ቀን አልቅሰዋል። የበረንዳው ስፋት ሁለት እርምጃ ስለሆነ አልጋው የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ራስጌው ወደ ማሽኑ ሆኖ። በክረምት መስኮቱ ዝናብ ቢያስገባ ልጁ ራሱ ዙሪያውን በሲሊኮን ለሰነው፤ ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ተከፍቶ አያውቅም። ማሽኑ ሲነሳ ያጉረመርማል፣ ይሞቃል፤ እታለም ትራሳቸውን ወደ ግርጌ ያዞራሉ። ማሽን እኮ ነው፣ ይላሉ። ሆዴ ይፍጀው ብሎ የኖረ ሰው ለአንድ ማራገቢያ አቤቱታ አያቀርብም።

የኤሲ ባለሙያው የመጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሚስቱ የጠራችው ለጽዳት ነበር፤ ሰሞኑን ቅዝቃዜው ስለደከመ ለእንግዶቹ በደንብ እንዲሠራላት። ሰውየው ጨዋታ አዋቂ ነው። መሰላሉ ላይ ወጥቶ ፊልተሩን አወጣና ላዩ ላይ የተጋገረውን አቧራ አሳያት። "ከዚህ አንድ ትራስ ይወጣዋል። በየሁለት ሳምንቱ ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ ፊልተሩን በውኃ አጥባችሁ፣ ጥላ ላይ አድርቃችሁ መልሱት። ለዚህ እኔን መጥራትም አያስፈልጋችሁ" አላት፤ ሳቀች። ከዚያ የውጭውን ልየው ሲል ሳቋ ቀነሰ። በሩን ከፈተችለት። አንድ እግሩን አስገብቶ ቆመ። መስታወቱን አየ፣ ሲሊኮኑን በጥፍሩ ጫር አደረገ፣ አልጋውን አየ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ለምሳው የሚለብሱትን ቀሚስ የሚያቃኑትን እታለምን አየ።

"ይሄን ማን ዘጋው?" አለ።

"እኛ ነን። ምነው?"

"እኔ ስገጥመው እኮ እዚህ ደጅ ነበር።" ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። "ሰው ሁሉ ኤሲ ብርድ የሚሠራ ይመስለዋል። ብርድ አይሠራም። ተሸካሚ ነው። የሳሎኑን ሙቀት አፍሶ ደጅ ይደፋል።"

"እና?"

"እናማ እናንተ ደጅ የላችሁም። የሚደፋው እዚህ ነው፤ እማማ ትራስ ላይ።"

ሚስቱ ትራሱን አየችው። እታለም ቀሚሱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው "በክረምትስ፣ ልጄ?" አሉት። "ሳሎኑን ሲያሞቁበት?" ሰውየው ለምን እንደጠየቁት የገባው አይመስልም ነበር፤ ቀለል አድርጎ መለሰ። "ያኔ ይገለበጣል፣ እማማ። ከዚህ ያለውን ሙቀት ለቅሞ ለሳሎን ይሰጣል፤ እዚህ የሚቀረው ብርዱ ነው።"  ባለፈው ክረምት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያስላቸው፣ ልጁ ሐኪም ዘንድ ሲወስዳቸው፣ ክኒን ሲውጡ፣ እርጅና ነው ብለው ራሳቸውን ሲያጽናኑ የነበረው ሁሉ እታለምን ትዝ አላቸው። ለሚስቱም ያው ነገር የመጣላት መሰለ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩና ስለ ሳሉ አንዳቸውም አላነሱም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ባለሙያው ኮሪደሩ ላይ ያለውን የመብራት ሳጥን ከፍቶ የኤሲው ብሬከር ላይ ሲደርስ ጨዋታውን ተወ። በጋው ሲገባ ብሬከሩ በየቀኑ እየወደቀ ስላስቸገረ ልጁ በትልቅ አስቀይሮት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወድቆ አያውቅም። ሚስቱ ይህን ስትነግረው እንደ ሙያ አድርጋ ነው። "የወደቀው እኮ እየጮኸ ነበር" አላት። "የታፈነ ማሽን ብዙ ኃይል ይስባል። ብሬከሩ የሚወድቀው ሽቦው ሳይግል በፊት ሊያስቆም ነው። እናንተ አፉን ዘጋችሁት፤ ሽቦው ግን ያው ቀጭኑ ነው። ብሬከር ዝም ካለ የሚናገረው ሽቦው ነው፤ ሽቦ ደግሞ የሚናገረው በእሳት ነው። ዛሬ አታብሩት። ነገ ጠዋት ልኩን ብሬከር ይዤ እመጣለሁ፤ ማሽኑንም ወደ ውጭው ግድግዳ እናወጣዋለን።" "እሺ" አለች። እሺታዋ ቶሎ ስለመጣ አላማረውም።

ዕቃውን ለመሰብሰብ ወደ በረንዳው ሲመለስ እታለምን ጠራቸውና ከማሽኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ያለችውን ግራጫ ሳጥን አሳያቸው። "ይቺ ቀይ እጀታ ማጥፊያ ናት። የሚቃጠል ነገር ከሸተተዎ ማንንም አያስፈቅዱ፤ ወደ ታች ይጫኗት። እጅዎ ብቻ ደረቅ ይሁን። ከጠፋ በኋላ እኔ ሳላየው እንዳይበራ።" ማሽኑ አናት ላይ የማሽኑ መመሪያ ከነላስቲኩ ተቀምጦ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልገለጠውም። ሰውየው ላስቲኩን ቀድዶ አንድ ገጽ ገልጦ ሰጣቸው። እታለም ፊደል አልቆጠሩም፤ ሥዕሉን ግን ወዲያው አወቁት። በአራት ግድግዳ መሃል የታፈነ ማሽን ነው፣ ላዩ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት አለበት። የጎደለው አልጋው ብቻ ነው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ ሰውየው ሳያውቀው አውሷቸው ሄደ።

ልጁ አምስት ሰዓት ላይ ፍራፍሬና ለስላሳ መጠጥ ተሸክሞ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ገባ። ደጅ ያለው ሙቀት አስፋልቱን ያቀልጣል። ሚስቱ ባለሙያው ያለውን ከብሬከሩ እስከ ትራሱ ነገረችው። "ባለሙያ ሥራ ካልፈጠረ ምን ይበላል?" አላት። "ዓመት ሙሉ ያልተቃጠለ ዛሬ ለአንድ ምሳ ይቃጠላል? ወይስ አለቃዬን ላቡን እያስጠረግሁ ላብላው?" "እሺ፣ እታለም መኝታ ቤት ይሁኑ።" "እንግዶቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲያልፉ ያዩዋታል።" ሚስቱ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ልጁ ሪሞቱን አንስቶ አሥራ ስድስት ዲግሪ ላይ አደረገው። አሥራ ስድስት ማለት ቶሎ ማለት ይመስለዋል፤ ማሽኑ ግን በሃያ አምስትም በአሥራ ስድስትም ያው በአቅሙ ነው የሚሄደው፤ ልዩነቱ በአሥራ ስድስት ማረፊያ አለማግኘቱ ነው።

ወደ በረንዳው ሲመጣ እታለም ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሻሻቸውን አስረው፣ አልጋው ጫፍ ላይ መኪና እንደሚጠብቅ መንገደኛ ተቀምጠው ነበር። ልጁ ቀሚሱን አየና ዓይኑን ወደ መጋረጃው አዞረ።  ከአጠገባቸው ማሽኑ ተነስቶ ማጉረምረም ጀመረ።

"ያምርብሻል" አለ።

"አሮጌ እኮ ነው። ሰውየው ዛሬ አታብሩት ብሏል፣ ነገረችህ?"

"ነገረችኝ። አያሳስብሽ። እታለም... በሩ ካልተቀረቀረ ይገረበባል፣ ሙቀቱ ሳሎን ይገባና..."

"ዝጋው ልጄ። ለእኔ አታስብ።"

"ሁለት ሰዓት ብቻ።"

ሚስቱ በጆግ ውኃ፣ በሳህን ምግብና አንድ እርጥብ ፎጣ አስገባችላቸው። ፎጣውን ስታቀብላቸው ዓይናቸውን አላየችም። ከዚያ መቀርቀሪያው ገባ። ድምፁ ትንሽ ነው፣ እታለም ግን ደረታቸው ላይ ሰሙት።

እንግዶቹ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ደረሱ። የበረንዳው በር መስታወት ጭጋጋማ ስለሆነ ጥላ እንጂ መልክ አያሳይም። "ኧረ እንዴት ደስ የሚል ቅዝቃዜ ነው" የምትል ሴት ድምፅ ተሰማ፣ ወንበር ተሳበ፣ ሹካ ተንኳኳ። አለቃው ስለ ቤት ኪራይ መናር፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ግራ ጉልበቱ ሕመም ያወራል፤ ልጁ በየመሃሉ ይስቃል። የልጁን ሳቅ እታለም ከጥርስ ማውጫው ጀምሮ ያውቁታል። ይህ የእሱ ሳቅ አልነበረም፤ ከመሥሪያ ቤት የመጣ ሳቅ ነው። በአንድ በኩል ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ቆማለች፣ በሌላ በኩል ማሽኑ ያለ ዕረፍት የሳሎኑን ሙቀት ይደፋባቸዋል። መጀመሪያ ግንባራቸው አላበ፣ ከዚያ ጀርባቸው። ከዚያ ላቡ ቆመና ቆዳቸው ደረቀ፤ ይህ ከላቡ ይልቅ አስፈራቸው። የአልጋው ብረት አያስነካም። ውኃው ሞቀ። ፎጣውን አንገታቸው ላይ አደረጉ፣ እሱም ሞቀ። መመሪያውን አንስተው ፊታቸውን ያራግቡ ጀመር። ልጁ በአራት ዓመቱ ትኩሳት ሲይዘው በካርቶን ክዳን እንዲህ ነበር ቀኑን ሙሉ ያራገቡለት። አሁን ግን አየሩ ራሱ ትኩስ ነው፤ ቢያራግቡት ባሰባቸው፣ ተዉት።

ለራሳቸው ቢሆን ኖሮ ያችን ቀይ እጀታ አይነኳትም ነበር። ሁለት ጊዜ አይተዋት ሁለት ጊዜ ፊታቸውን አዙረዋል። ማሽኑ ከጠፋ ሳሎኑ ይሞቃል፤ ሳሎኑ ከሞቀ አለቃው ያልበዋል፤ አለቃው ካላበው ልጁ ያፍራል፣ ወንበሩም ይቀርበታል። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ሰዓታቸውን አዩ፤ እንግዶቹ ከመጡ ገና ሃምሳ ደቂቃ ነው። ልባቸው ያለ ቅጥ ይመታል፣ ጆሯቸው ውስጥ ንብ የገባ ይመስል ይጮህባቸዋል። በዚህ መሃል የአለቃው ሚስት ድምፅ ቀረበ፤ ጥላዋ በሩ ላይ መጣ።

"በረንዳም አላችሁ? ምን አደረጋችሁበት?"

"ዕቃ ማስቀመጫ ነው" አለ ልጁ። "የተዝረከረከ ስለሆነ አይታይም።"

እታለም ዙሪያቸውን አዩ። ሁለት ሻንጣ፣ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር፣ እና እሳቸው።  ቂም አልነበረም፣ ቂም ቢሆን ይቀላቸው ነበር። አፈሩ። በማን እንዳፈሩ፣ በራሳቸው ይሁን በልጁ፣ መለየት አልቻሉም። ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ፤ ማንም እንደማያየው እያወቁ አስተካከሉ።

ሽታው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ካውያ የነካው ናይለን መሰላቸው። ከዚያ ወደ ግራጫዋ ሳጥን ዞሩ። ከሥሯ የሚገባው ሽቦ ልባሱ ላብ እንዳወጣ ያብለጨልጫል፣ አንድ ቦታ ላይ ቡናማ ሆኗል፣ የመጋረጃው ጫፍ ደግሞ ከዚያ ስንዝር አይርቅም። እታለም ተነሱ። የበሩን ክፈፍ ያዙ። በጣታቸው አንኳኩ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ሳሎን ውስጥ ወሬው ለአፍታ ቆመ። ቀጥሎ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ አለ። በመዳፋቸው መቱት። ቴሌቪዥኑ ይበልጥ ጮኸ። ልጁ፣ እታለም ሰልችቷቸው፣ ወጥተው ሊጫወቱ ፈልገው፣ ስለ ፍራሽ ሊያወሩ መስሎታል። "ልጄ" አሉ፣ ድምፃቸው ግን ከጉሮሯቸው አልወጣም።

እጃቸውን አዩ። ፎጣውን ሲይዙ ስለቆዩ እርጥብ ነው። ለእንግዳ ባቃኑት ቀሚስ ላይ መዳፋቸውን፣ የእጃቸውን ጀርባ፣ የጣቶቻቸውን መሃል ሳይቀር ጠረጉ። አንዴም ደገሙት። ከዚያ ቀይዋን እጀታ ወደ ታች ተጫኑ።

ማሽኑ አቃሰተና ቆመ። ሳሎን ውስጥ ሪሞት ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ተሰማ። "መብራት ሄደ መሰለኝ" አለ ልጁ። ቴሌቪዥኑ እየጮኸ ነበር። አለቃው ቴሌቪዥኑን አየ፣ ቀጥሎ ልጁን አየ። ከዚያ የልጁ ፈጣን እርምጃ ወደ በሩ መጣ።

መቀርቀሪያው ሲሳብ እታለም አልጋው ላይ ተመልሰው ተቀምጠው ነበር። ልጁ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ "እታለም፣ ዛሬን እንኳ..." ብሎ ጀመረ። ሙቀቱ ፊቱን መታው። የዳቦ ምድጃ የከፈተ ሰው እንደሚያደርገው ፊቱን በክንዱ ጋርዶ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ በሩ ከእጁ አምልጦ ወለል ብሎ ተከፈተ። ሙቀቱና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተያይዘው ሳሎኑ ውስጥ ገቡ። የአለቃው ሚስት ከወንበሯ ተነሳች። እታለም ከንፈራቸው ደርቆ፣ ፊታቸው ቀልቶ፣ ዓይናቸውን እያርገበገቡ ወደ እንግዶቹ አዩ።

"ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ምሳችሁን አቋረጥኩ" አሉ። "ሽቦው ሸትቶኝ ነው። ቤታቸው እንዳይቃጠል ብዬ።"

ሚስቱ ማንም ሳያዛት ወደ ኮሪደሩ ሮጣ ብሬከሩን አወረደች። ተመልሳ እታለምን በብብታቸው ደግፋ አወጣቻቸው፤ የአለቃው ሚስት የራሷን ወንበር ሳበችላቸው፣ የሳሎኑን መስኮት ከፈተች፣ ናፕኪን በቀዝቃዛ ውኃ ነክራ አንገታቸው ላይ አደረገችና ውኃ ጥቂት በጥቂት አጠጣቻቸው። "እናትህ ናቸው?" አለ አለቃው። የጠየቀው ልጁን ነበር።  "አዎ፣ እናቱ ናቸው" አለች የልጁ ሚስት። አለቃው ሳህኑን በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉልበቱም ስለ ሌላም አላወራም።

ልጁ በረንዳው ውስጥ ነበር። ቡናማውን ሽቦ አየ፣ መጋረጃውን አየ፣ በገዛ እጁ የለሰነውን ሲሊኮን አየ። ጆጉ ውስጥ የቀረውን ውኃ በጣቱ ነካው። ትራሱን ነካው፤ አሁን ገና ካውያ የተነሳበት ልብስ ያህል ይሞቃል። ከዚያ እግሩ ያልታዘዘው ይመስል አልጋው ላይ፣ በራስጌው በኩል፣ ተቀመጠ። ላቡ ከግንባሩ ወደ አገጩ እየወረደ አልጠረገውም። በሩ ክፍት ነው፣ ሳሎን ውስጥ ያሉት ሁሉ ያዩታል። ሚስቱ አልጠራችውም። አለቃው ወደ ጠረጴዛው ዞረ። የአለቃው ሚስት የእታለምን እጅ ይዛ ነበር፤ እታለም ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው በእንግዳዋ ትከሻ ላይ አሻግረው ልጁን አዩት። ሳሱለት።

"ና ውጣ እንጂ ልጄ" አሉ። "እዚያ እኮ ሰው አይቀመጥበትም።"